ባለካባውና ጋሽ ጨርቁ

ጥቅምት 6

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ እያነበበች «እውነቱን ጻፍ» ስላለችኝ ግን ግማሽ ደህና ነን ብዬ እጀምራለሁ።

የላክሽው ፍላሽ ያለ አንዲት ቃል ተመልሶ ሲደርስሽ ቅር እንዳለሽ ይገባኛል። ደውዬ ላስረዳሽ አስቤ ነበር፤ አንቺና እኔ ግን ስልክ ላይ ሦስት ደቂቃ ሳንጣላ ቆይተን አናውቅም። አባታችን «እናንተስ በደብዳቤ ተዋደዱ» ያሉን በከንቱ አልነበረም። ስለዚህ የጠየቅሽኝን ሁሉ በወረቀት እመልሳለሁ።

ፍላሹ ተበላሽቶ አልደረሰም። ሚጣም አልጠላችውም፤ ሦስት ክፍል በተከታታይ አየች። «የድሮ የሱፐርሂሮ ካርቱን ለዛሬ ልጅ ይታያል ወይስ ጊዜው አልፎበታል?» ያልሽውን ግን ለጊዜው ባትጠይቂኝ ይሻለኛል።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የሚጣ ግራ ዓይን በደንብ አያይም። ሐኪሟ ሲያስረዱን «ዓይኑ አልታመመም፤ ደህናው ዓይን ሁሉን እየሠራለት ሥራ ፈትቷል» አሉን። መድኃኒቱ ደህናውን ሸፍኖ ሰነፉን ማሠራት ነው፤ በቀን ስድስት ሰዓት፣ ለወራት። ስምንት ዓመት ሳይሞላት ካልተያዘ እየከበደ ይሄዳል ብለውናል። ሰባት ከሞላት አራት ወር ሆኗታል። ለምን ደበቅከኝ እንዳትዪኝ። ሰው ሲያዝንላት ማየት አልፈለግሁም፤ አንቺ ደግሞ ስታዝኚ ሠፈር ይሰማል።

ባለቤቴ ሰማያዊ ጨርቅ በላስቲክ ሰፋችላት። ዘጠኝ ቀን ያለ ጭቅጭቅ አደረገችው። በአሥረኛው ቀን ፍላሽሽ ደረሰ። የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው አብረው አዩ። ባለካባው ጀግና ከተማ ሊያድን ይበራል፤ ባንክ የሚዘርፈው፣ ድልድይ የሚያፈርሰው ክፉ ሰውዬ ደግሞ አንድ ዓይኑ ላይ ጨርቅ አለ። ስሙም «አንድ ዓይናው» ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሚጣን ምን ብለው እንደጠሯት መገመት አያቅትሽም።

ስትመለስ ጨርቁ ኪሷ ውስጥ ነበር። ቦርሳዋን ሳታወርድ «አባዬ፣ ዓይናቸውን የተሸፈኑ ሰዎች ክፉ የሚሆኑት ወዲያው ነው ወይስ ቆይተው?» አለችኝ። ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሆነ፣ ጨርቁን አልነካችውም።

ያንን ስም ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ምላሱ ይቆረጥ።

ወንድምሽ ማሙሽ
(አርባ ሁለት ሞልቶኝም ማሙሽ ነኝ)


ጥቅምት 14

ማሙሽዬ፣

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት።

መጀመሪያ ልቆጣህ። የወንድሜን ልጅ ዓይን ነገር በካርቱን ሰበብ ልስማ? ታዝኛለሽ ብለህ ፈራህ። አዎ፣ አዝን ነበር፤ ግን ያንን ፍላሽ ፖስታ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ደግሞ ቆም ብዬ አስብ ነበር። ቁጣዬ ይኸው ነው፣ አለቀ።

አሁን ደግሞ ምላሴ ገና ስላልተቆረጠ ልናገር። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስተረጉምና ድምፅ ስሰጥ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ነግሬህ አላውቅም። ክፍላችን ሦስት በአራት ነበረች፤ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ። ለአምስት ሰው አንድ ማይክሮፎን። ቴፕ እንዳይባክን ደንቡ አንድ ነው፤ ምስሉ አንዴ ከተነሳ አይቆምም። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ የተሳሳተ ተሳሳተ። ባለካባው በአራተኛው ክፍል እየበረረ የሚያስለው ተዋናያችን ጉንፋን ይዞት ነው። እኔ ለአምስተኛው ክፍል «ከላይ ብርድ መታኝ» የምትል ንግግር ጨምሬ አስታመምኩት።

ክፉው ሰውዬ በመጀመሪያው ቋንቋ ረጅም፣ የተከበረ ስም ነበረው። ዓይኑ ለምን እንደተሸፈነ ግን ማንም አይናገርም። ሠዓሊዎቹ ክፋቱ ከሩቅ እንዲታወቅ ብለው የለጠፉበት ነው። በቀረጻው ቀን ተዋናያችን ረጅሙን ስም ጀመረና መሃል ላይ ጠፋበት። የባለካባው አፍ ተከፍቷል፣ ምስሉ አይቆምም፣ አራት ሰው ወደ እኔ ያያል። እኔም ከወንበሬ «አንድ ዓይናው» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ሳቁን ዋጠ፤ ከዚያ ወዲያ አሥራ ሦስቱም ክፍል በዚያው ስም ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ በቴፕ ተቀድቶ ሠላሳ ዓመት ኖረ። በነዚህ ዓመታት አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ነው ያቃጠለኝ።

ይታያል ወይ ብዬ የጠየቅሁህ ሙገሳ ፈልጌ ነበር፤ እንደ አንድ ሥራዋን እንደምታውቅ ሴት ከመለስኩልህ ግን ብዙው አይታይም። ሴቶቹ ከመጮህ በቀር ሥራ የላቸውም። ፖሊሶቹ ቂል ናቸው። ክፉው ሁልጊዜ ወይ ያነክሳል ወይ ጎብጧል ወይ ዓይኑ የለም። አንድ የምወድላቸው ነገር ቢኖር ባለካባው ሰው ከመምታቱ በፊት ሁሌም አንዴ ይለምናል። «ተው፣ ተመለስ» ይላል፤ ምላሹንም ይጠብቃል። የዛሬዎቹ ለመጠበቅ ጊዜ የላቸውም።

ሐኪሟን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ጨርቁን አድርጋ ቴሌቪዥን ብታይ ይጎዳታል? አንተን ደግሞ ልጠይቅህ፤ እኔስ ልምጣ?

ይቅርታህን አሁን አልጠይቅም፤ መጀመሪያ የሚገባት ለሚጣ ነው።

እትዬ


ጥቅምት 29

ለእትዬ፣

ምላስሽ ባለበት ይቆይ፤ ሳላውቅ ነው የረገምኩት። ባለቤቴ ኑዛዜሽን ስታነብ ሳቀች፣ ቀጥላም አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ሁለት ቀን ተናድጄብሽ ሰነበትኩ። አሁን ወጥቶልኛል።

ሐኪሟን ጠየቅኋቸው። «በጣም ካልተጠጋች ቴሌቪዥን ጥሩ ነው፤ ዋናው ዓይኑ ይሥራ» አሉ፤ ለታኅሣሥ መጀመሪያም ቀጠሩን። ልጅቷ በዚያ ዓይን እንዴት እንደምታይ እንዲገባኝ ብለው ዓይን ላይ የሚያዝ አንድ ድብዝዝ መስታወት አበደሩኝ። አንድ ሕንፃ ላይ ሊፍት ልጠግን ሄጄ መለዋወጫው እስኪመጣ ስጠብቅ፣ ዘበኛው ክፍል ያለው ቴሌቪዥን ላይ ሞከርኩት። ዘበኛው ይህ ሰው ምን ነካው ብሎ ወንበሩን ራቅ አደረገ። የዘንድሮ ካርቱን ነበር የከፈትኩት። እትዬ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከብልጭታ በቀር ምንም የለም። አንዱን ሳልይዘው ሌላው ይመጣል።

ማታ ቤት ገብቼ ያንቺን ከፈትኩ። ፍላሹን ብመልስም መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬው ነበር፤ ቂመኛ ብሆንም ጅል አይደለሁም። ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር መስመር አለ። ቀዩ ቀይ ነው፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ነው። ሠዓሊዎቹ ሥራ ሲያቀሉ ይሁን አላውቅም፣ ሰውየው ይቆምና ረጅም ጊዜ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የባለካባውን አገጭ በዚያ መስታወት ለይቼ አየሁ። ከዚያም አልፎ አንቺ ተራኪዋ «አሁን በሩን ሊገነጥለው ነው» እያልሽ ትናገሪያለሽ፤ ያመለጠኝን በጆሮዬ አገኘሁት። እና ለጥያቄሽ መልስ ይኸውልሽ፤ በሰነፍ ዓይን ይታያል።

ችግሩ ሚጣ እንቢ እንዳለች ነው። ሦስት ጨርቅ ደብቃለች፤ አንዱን ከመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ከብሎን ጋር አገኘሁት። አንድ ከሰዓት በኋላ በግድ አሰርኩላት። አላለቀሰችም፣ አልታገለችም። ሳሎን መሃል እጆቿን ወደታች ዘርግታ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመች። ራሴው ፈታሁላት። እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፣ አይ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ አትምጪ። ሐሳብ ካለሽ ግን ላኪ።

ማሙሽ


ኅዳር 12

ማሙሽዬ፣

ከዚህ ጋር ያለው አዲስ ፍላሽ ነው። እንዳትመልሰው።

ድምፅ ቀራጫችንን አፈላልጌ አገኘሁት፤ አሁን የመስማት ማገዣ ይሸጣል። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያደነቆርኳቸው ናቸው የሚገዙኝ» ይላል። ማይክሮፎኑን ይዞ መጣ። ስቱዲዮ ስለሌለን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ካፖርቶች መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ካፖርት ድምፅ ይውጣል። ባለካባውም፣ ክፉውም፣ የምትጮኸዋም ሴትዮ እኔ ነኝ። ሴትዮዋን ጩኸቱን አስትቼ ስልክ ደዋይ አድርጌያታለሁ። ደንቡን አልሻርንም፤ ምስሉ አንዴ ከተነሳ አይቆምም። ሁለተኛው ክፍል ላይ የጎረቤቴ ውሻ ሁለቴ ይጮኻል። ባለካባው «ዝም በል ወዳጄ» ይለዋል፣ ምን ላድርግ።

የክፉውን ሰውዬ ስም ግን አልቀየርኩም። አጠፋሁት። ስሙ የሚጠራበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነው፤ ባለካባው «ቁም፣» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ይቀጥላል። ድምፅ ቀራጩ «ሰው ተበላሽቷል ይላል እኮ» ብሎ ተከራከረኝ። እኔ አንዴ ስም አውጥቼ አይቻለሁ፤ በቃኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ለሚጣ አንብብላት። ሳታሳምር፣ እንዳለ።

«ሚጣ፣ አክስትሽ ነኝ። ያ ክፉ ስም ካርቱኑ ውስጥ የገባው በእኔ ነው። ቸኩዬ፣ ሰዎቹ እንዲስቁ ብዬ ነው። ዓይኑ ላይ ጨርቅ ያለበት ሰው አንድ ቀን እንደሚሰማኝ አላሰብኩም። ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ካላደረግሽም መብትሽ ነው። ሰውየው አሁን ስም የለውም። ስም የምታወጣለት ሰው እፈልጋለሁ፤ እኔ ሁለት ደህና ዓይን ስላለኝ ጨርቅ አድርጎ መዋል ምን እንደሚመስል አላውቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ። ከፈለግሽ እይውና ምን እንደሚባል ንገሪኝ።»

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚሉህን አትስማ። ይህ ሊጥ የተበላሸው በአዋቂ ነው።

እትዬ


ታኅሣሥ 5

ለእትዬ፣

የዘገየሁት በቸልታ አይደለም፤ ጨርሼ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። በሦስተኛው «ትልቅ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ?» አለች።

«ሲያጠፋ ይጠይቃል» አልኳት።

«አንተ ግን አልጠየቅከኝም።»

በግድ ያሰርኩላትን ቀን ማለቷ ነው። እትዬ፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ጠየቅኋት። «እሺ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። ባለቤቴ ከኩሽና ሆና ሁሉን ሰምታለች፤ ያን ቀን ቡናዬን ሳልጠይቅ አመጣችልኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መጥታ ጨርቁን ራሷ አድርጋ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። «ስም ለማውጣት ነው እንጂ ላንተ ብዬ አይደለም» አለችኝ። እሺ አልኩ። ባዶው ቦታ ሲመጣ ትንፋሿን ትይዛለች። ሦስት ቀን አንድም ስም አልወጣም። በአራተኛው ቀን የጎረቤት ልጆች ባሉበት ባለካባው «ቁም፣» ብሎ ዝም ሲል «ጋሽ ጨርቁ» አለች።

ለምን ጋሽ አልኳት። ያለችኝን እንዳለ ልጻፍልሽ። «ትልቅ ሰው ናቸዋ። ዓይናቸውን ሐኪም ነው ያሸፈናቸው። ባንክ መዝረፋቸው ግን ጥፋት ነው።»

አሁን ባዶው ቦታ ሲደርስ አራት ልጅ ባንድ አፍ «ጋሽ ጨርቁ» ይላል፤ የታችኛው ፎቅ ሰዎች ሰውየው ማን እንደሆኑ ጠይቀውኛል። ትምህርት ቤትም ስሙ ደርሷል። ሚጣን ጋሽ ጨርቁ ሲሏት «አቤት» ትላለች፤ አቤት ከተባለ ደግሞ ማብሸቁ ጣዕም የለውም። በቀን ስድስት ሰዓት ሞልታ ታደርጋለች፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

አንድ ቅሬታ ግን አላት። ጋሽ ከተባሉ ባለካባው አንተ ሊላቸው አይገባም ትላለች። መቼም የራስሽ ጥፋት ነው፣ እንደምንም አስተካክዪው።

ማሙሽ


ጥር 9

ማሙሽዬ፣

አሥራ ሦስቱንም ጨረስኩ። ባለካባው አሁን «ጋሽ ጨርቁ፣ እባክዎ ቦምቡን ያስቀምጡ» ይላል። እጅ በካቴና ሲያስር «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይላል። ድምፅ ቀራጩ ሳቁ አስቸግሮት ሁለቴ ከክፍሉ አስወጥቼዋለሁ። አፉ ሁለቴ ተከፍቶ ስምንት ቃል ሲያወራ ታያላችሁ፤ እንግዲህ ጨዋነት ጊዜ ይወስዳል።

አልደከመኝም። ስለ እኔ ባትጠይቀኝም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ቁም ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አልወደደም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ተነስቼ የምቸኩልለት ነገር አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ ደስ ብሎኛል።

አንተ ግን የካርቱኑን፣ የጎረቤቱን፣ የታችኛውን ፎቅ ሁሉ ትጽፋለህ፤ የታኅሣሡን ቀጠሮ አንዲት ቃል አልጻፍክም። አውቅሃለሁ። አባታችን ሆስፒታል ሲገቡም ስለ አየሩ ጽፈህልኝ ነበር። ሐኪሟ ምን አሉ?

እትዬ


ጥር 24

ለእትዬ፣

ምንም አላሉም፤ ያልጻፍኩልሽ ለዚያ ነው። ሰሌዳው ላይ ያችኑ ትልቋን ፊደል ብቻ አነበበች፤ ካንድ መስመር በታች አልወረደችም። «ገና ነው፣ የጠፋው ጊዜ አለ፤ አታቋርጡ» አሉን። ወደ ቤት ስንመለስ ሚጣ ደግሞ «አባዬ፣ ባለካባውም እኮ በመጀመሪያው ክፍል አልቻለም» አለችኝ።

አሥራ ሦስቱን ክፍል ከዳር ዳር አይታ እንደገና ጀምራለች። መጽሐፍም ጨርቁን አድርጋ ታነባለች። ትናንት የቁርሱን ብስኩት ካርቶን አንስታ ትንንሹን ጽሑፍ ልታነብ ስትታገል አየኋት፤ ዓይኗ ነው ወይስ ግምቷ አላውቅም፣ አልጠየቅኋትም። ፈርቼ ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ መጋቢት ላይ ነው። የሚሆነውን እጽፍልሻለሁ፣ ክፉም ቢሆን።

ማሙሽ


መጋቢት 21

ለአክስቴ፣

አባዬ ልጻፍላት ሲል እኔ እጽፋለሁ አልኩት። መስመሩ የተጣመመው እጄ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም።

ሐኪሟ ጋ ሄድን። ቀኝ ዓይኔን ሸፈኑና አንብቢ አሉኝ። ትልቋን አነበብኩ። ሁለተኛውን መስመር አነበብኩ። ሦስተኛውንም። ሐኪሟ ቀጥዪ አሉ። ሰባተኛው መስመር ላይ አንዷን ብቻ ተሳሳትኩ። እማዬ እጄን በጣም ጨመቀችው። አባዬ የሊፍቱ ድምፅ ደስ አላለኝም፣ ልየው ብሎ ወጣ። ብዙ ቆየ። ስንወርድ ሊፍቱ ደህና ነበር፣ የአባዬ አፍንጫ ነው የቀላው።

ጨርቁ ከእንግዲህ አያስፈልግሽም ተባልኩ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰን እናሳያለን።

በሁለቱም ዓይኔ ሳየው እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ሥዕሉ ብዙም አያምርም። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ባለካባው አንድ ቦታ ላይ ስድስት ጣት አለው፣ ድሮ አላየሁትም ነበር። ባንኩ ውስጥ ያለው ሰዓት አይሄድም። የጎረቤቶቻችን ልጆች አዲሱ ይሻላል ይላሉ፣ አዲሱም አሁን ይታየኛል፣ ጥሩ ነው። ያንቺ ግን አሁንም ይታያል። በተለይ ውሻው።

ይቅርታ አድርጌልሻለሁ። ያኔ ነው ያደረግሁልሽ፣ መንገር ረስቼ ነው።

ጨርቁን እማዬ ልጣለው አለች። አይሆንም አልኳት። ቅዳሜ ካርቱኑ ሲጀምር አደርገዋለሁ። ጋሽ ጨርቁ ብቻቸውን እንዳይሆኑ።

ሚጣ